መስቀል ይዘው የዘመቱት አባት

በዚህ እትም «የኔ ጀግና» የሚለውን አምድ እንድጽፍ ክበባችን ለኔ ሰጠኝ። ጓደኞቼ ስለ ኳስ ተጫዋች ጻፍ ብለውኝ ነበር። ኳስ እወዳለሁ፣ ግን የኔ ጀግና አቡነ ጴጥሮስ ናቸው።

አቡነ ጴጥሮስ የሰላሌ ሰው ናቸው። በ1921 ዓ.ም ከሌሎች ሦስት ኢትዮጵያውያን አባቶች ጋር ግብፅ ሄደው ጳጳስ ሆነው ተሾሙ። ከዚያ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳስ የሚላክልን ከግብፅ ነበር።

በ1928 ዓ.ም ጣሊያን ሲወረን ከጦሩ ጋር ማይጨው ድረስ ዘመቱ። ጣሊያን በአውሮፕላን የመርዝ ጋዝ ይረጭ ነበር። መርዝ ደግሞ ይሄ ወታደር ነው፣ ይሄ ገበሬ ነው፣ ይሄ ሕፃን ነው ብሎ አይለይም። ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ተያዘች። እሳቸውም ወደ ደብረ ሊባኖስ ገዳም ሄዱ።

እኔን በጣም የሚገርመኝ እዚህ ጋ ነው። ገዳም ማለት እኮ ለመነኩሴ ቤቱ ነው። እዚያው ቁጭ ብለው ቢጸልዩ ማን ይወቅሳቸዋል? ማንም! እሳቸው ግን ከአርበኞች ጋር ተመካክረው፣ በዚያ በሐምሌ ዝናብና ጭቃ ወደ አዲስ አበባ መጡ። ስማቸው የሚነሳው በመስቀላቸው ነው እንጂ በጠመንጃ አይደለም። አርበኞቹ ከተማዋን ለማስለቀቅ ተዋጉ፣ አልተሳካም። አቡነ ጴጥሮስም ተያዙ። ለጣሊያን እንዲገዙ ሲጠየቁ እምቢ አሉ። እንዲያውም ሕዝቡም መሬቱም ለጠላት እንዳይገዛ ገዘቱ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም ሰው እያየ በጥይት ተገደሉ። ሐውልታቸው ማዘጋጃ ቤት አጠገብ ያለው ነው። በ2005 ዓ.ም ለባቡሩ ሥራ ተነስቶ በ2008 ዓ.ም ወደ ቦታው ተመልሷል።

አሁን ይህን ሁሉ ለምን እንደጻፍኩ ልንገራችሁ። ከኛ ሰፈር ወደ ትምህርት ቤት ስንመጣ ድልድዩ ጋ የሚቆሙ ትልልቅ ልጆች አሉ። የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጆችን የዳቦ ሳንቲም ይቀሟቸዋል። ከመጋቢት ጀምሮ እኔና ሁለት ጓደኞቼ ጠዋት ቀደም ብለን ከቤት እየወጣን ትንንሾቹን ሰብስበን እናሻግራለን። አንማታም፣ አንሳደብም። መሀል አድርገናቸው ዝም ብለን እናልፋለን።

እማዬ ግን አልወደደችውም። «ለሰው ልጅ ብለህ ጥርስህን ብትሰበርስ? አርፈህ ተማር!» ትለኛለች። እውነቷን ነው። አንድ ቀን ቦርሳዬን ወንዝ ውስጥ ወርውረውብኝ ደብተሮቼ በሙሉ ረጥበዋል። የሒሳቡማ እስካሁን አይነበብም።

ስለ አቡነ ጴጥሮስ ነገርኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ሰማችኝና «እሳቸው ትልቅ ሰው ናቸው፣ መነኩሴ ናቸው። አንተ ግን ማታ ቤት ካልገባህ በር ላይ ቆሜ የምጠብቅህ እኔ ነኝ» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ሌሊቱን ሙሉ ባስብም መልስ አላገኘሁም።

ሰኞ ጠዋት ስወጣ እማዬ ነጠላዋን ለብሳ በር ላይ ቆማለች። ምንም አላለችም። እስከ ድልድዩ አብራን ሄደች፣ አንዲቷን የአንደኛ ክፍል ልጅ እጇን ይዛ። ልጆቹ ሲያዩዋት መንገድ ለቀቁ። ትናንትም መጣች።

ድልድዩ ጋ ያሉት ልጆች አሁን «የእናቱ ወታደር» እያሉ ይጠሩኛል። ይበሉ።

ከ7ኛ «ለ» ክፍል