ወረቀቱ ላይ ያልነበረው መስመር

ወበርን ከቦስተን በስተሰሜን ያለች ከተማ ናት። የሚድልሴክስ አውራጃ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚያስችለው እዚያ ነው፤ ችሎቱ ለማንም ክፍት ነው። ሃያ ዓመት በጥብቅና የኖርኩ ሰው ከሙዚየም ይልቅ ችሎት እንደሚናፍቀኝ የእህቴ ልጅ ስለምታውቅ ማክሰኞ ጠዋት ይዛኝ ሄደች።

የግድያ ክስ ነበር፤ በጠብ መሀል ቢላ የተመዘዘበት። የደረስነው ክርክሩ አልቆ ዳኛዋ ለጁሪው ሕጉን ሲያስረዱ ነው። ቀስ ብለው፣ ቃል በቃል ያነባሉ። ከዚያ ብይኑ የሚሞላበት ወረቀት ተነሣ። ጥፋተኛ አይደለም የሚል መስመር አለው፤ አንደኛ ደረጃ ግድያ፣ ሁለተኛ ደረጃ ግድያ፣ ከዚያ በታች ደግሞ በስሜት ግለት የተፈጸመ ግድያ የሚሉ መስመሮች አሉት። ዐቃቤ ሕጓ ጎልማሳውን ተከሳሽ የከሰሰችው በአንደኛው ብቻ ነው። ሌሎቹ ግን በዚያው ክስ ሆድ ውስጥ ናቸው። አስቀድሞ ማሰቡ ካልተረጋገጠ ጥፋቱ ወደ ሁለተኛው ይወርዳል። ደም የሚያፈላ ትንኮሳ እንዳልነበረ ዐቃቤ ሕግ ከጥርጣሬ በላይ ካላስረዳች ደግሞ ወደ ሦስተኛው። ልዩነቱ የሰው ዕድሜ ነው፦ ላይኛው አመክሮ የሌለው ዕድሜ ልክ፣ ታችኛው ቢበዛ 20 ዓመት።

«ጋሼ፣ ገደለ ወይስ አልገደለም ብለው ለምን ባጭሩ አይጠይቋቸውም?» አለችኝ ስንወጣ።

መልሱን ካምብሪጅ ወስጄ አሳየኋት። ቶርንዳይክ ጎዳና ላይ የቆመው ረጅም ሕንፃ፣ የዛሬን አያድርገውና፣ የአውራጃው ፍርድ ቤት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 አንዲት የ19 ዓመት እንግሊዛዊት ሞግዚት የምትጠብቀው ሕፃን ሞቶባት በግድያ የተዳኘችው እዚያ ነው። ጠበቆቿ «ወይ ግድያ ወይ ነጻ» ብለው ቆረጡ፤ እሷም ተስማማች። ዐቃቤ ሕግ ዝቅተኛው ጥፋት እንዲጨመር ቢጠይቅም ዳኛው ሂለር ዞበል የተከላካዮቹን ሐሳብ ተቀበሉ። ጥቅምት 30 ቀን ጁሪው በሁለተኛ ደረጃ ግድያ ጥፋተኛ አላት፤ ዕድሜ ልክ፣ አመክሮ ለመጠየቅ እንኳ 15 ዓመት የሚያስጠብቅ። በ11ኛው ቀን ዳኛው ራሳቸው ጥፋቱን ሳይታሰብ ሕይወት ወደ ማጥፋት አወረዱት፤ ቅጣቱም የታሰረችው 279 ቀን ሆነ። በማግስቱ ዓመት የማሳቹሴትስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 4 ለ 3 በሆነ ድምፅ ውሳኔውን አጸናው፤ ዐቃቤ ሕግ እየጠየቀ ያንን ሦስተኛ መስመር መከልከላቸው ግን ስህተት ነበር አለ።

እኔ ከዚያ ፍርድ ቤት ጋር ነኝ። ሕፃን ሞቷል፤ አሥራ ሁለት ሰዎች «አንድ ጥፋትስ አጥፍታለች፣ ግን ነፍሰ ገዳይ አይደለችም» ብለው ቢያምኑ ወዴት ይሂዱ? ወረቀቱ መሀል ቦታ ከሌለው ብዙ ጊዜ የሚያዘነብሉት ወደ ጥፋተኝነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የአላባማን ሕግ የሻረው በዚሁ ምክንያት ነው። እዚያ በሞት በሚያስቀጣ ክስ ጁሪው ማስረጃው ቢደግፈው እንኳ ዝቅ ያለውን ጥፋት እንዳያይ ተከልክሎ ነበር። የሰው ሕይወት እንዲህ ባለ ቁማር መያዝ የለበትም።

ለእህቴ ልጅ የእኛንም ነገርኳት። አገር ቤት ጁሪ የለም፤ ዳኛው በ1954 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሥነ ሥርዓት ቁጥር 113 መሠረት፣ ማስረጃው የሚያሳየው ቀለል ያለ ጥፋት ከሆነ ያልተከሰሰበትም ቢሆን በዚያው ጥፋተኛ ሊለው ይችላል። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 539 የተከሰሰ ሰው፣ ማለትም ዕድሜ ልክ ወይም ሞት የሚጠብቀው፣ ከ5 እስከ 20 ዓመት ወደሚያስቀጣው 540 ሲወርድ የእናቱን ትንፋሽ ከኋላዬ ሰምቻለሁ።

በማግስቱ ወበርን ስንመለስ ጁሪው ገና እየመከረ ነበር። ከቀትር በኋላ በወረቀት ጥያቄ ላኩ፤ ዳኛዋ የትንኮሳን ትርጉም ደግመው እንዲያነቡላቸው ነበር የጠየቁት። የእህቴ ልጅ ክንዴን ያዝ አደረገች።

«ሦስተኛው መስመር ላይ ናቸው» አለችኝ በሹክሹክታ።