መብረቋን በምላጭ የቆረጥንበት ክረምት

የዘመን እኩዮቼ፣ አንዲት የደብተር ወረቀት ስንት ነገር ትሆን እንደነበር መቼም አትረሱትም! ከደብተሩ መካከል፣ ሽቦው ካለበት ላይ፣ አስተማሪ እንዳይነቃብን ሁለቱን ገጽ ቀስ አድርገን እንመዝና አጥፈን፣ ገልብጠን፣ ጫፍና ጫፏን ስበን ጀልባ እናደርጋት ነበር። የሐምሌ ዝናብ ሲያባራና ጎርፉ በደጃፋችን ሲንዶለዶል እሷን ለቀን፣ ጫማችንን በእጃችን ይዘን፣ እየጮኽን እስከ ድልድዩ ድረስ እንሸኛታለን። ከድልድዩ ሥር የማን ጀልባ ቀድማ እንደምትወጣ ለማየት የነበረው ግፊያ! ዛሬም ሳስበው እግሬ የሚረጥብ ይመስለኛል።

እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ ብርድ እንጂ ባሕር አላውቅም ነበር። የማውቃት መርከብ አንዲት ብቻ ነበረች፦ እ.ኤ.አ. በ1962 ከአሜሪካ መጥታ ምጽዋ የገባችው፣ «ኢትዮጵያ» የተባለችው የባሕር ኃይላችን መርከብ። ፎቶዋ ቤታችን ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው ጋዜጣ መካከል ነበር። እናቴ ለእንቁጣጣሽ ግድግዳውን በአዲስ ጋዜጣ ስትለጥፍ ያቺን እንዳትሸፍንብኝ እለምናታለሁ፤ እሷም ዙሪያዋን ለጥፋ መርከቧን እንደ መስኮት ትተዋታለች። ስንት ዓመት በዚያች መስኮት ባሕር አየሁ!

እ.ኤ.አ. በ1980 የነፃ ትምህርት ዕድል ደርሶኝ ፖላንድ ገባሁ። ሞስኮ፣ ኪየቭ፣ ላይፕዚግና ሃቫና የነበራችሁ ሁሉ ነገሩን ታውቁታላችሁ፤ ትልቅ ሻንጣ፣ ስስ ካፖርት፣ በርበሬ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ያ ሁሉ የእናት ምርቃት። እናቴ ደግሞ ከበርበሬው ጎን የእሾህ ማውጫ ወረንጦ ከተተችልኝ። «እማዬ፣ በረዶ አገር ምን እሾህ አለ?» ብላት፣ «እሾህ የሌለበት አገር የለም» ብላ ሻንጣውን ዘጋችው። ያቺ ወረንጦ ስንት ጉድ እንደምትሠራ ያኔ ማን አወቀ!

አንድ ዓመት ዉች ከተማ ለውጭ አገር ተማሪዎች በተከፈተው የቋንቋ ትምህርት ቤት ምላስ የሚያስር ቃል ስለማመድ ከረምኩና በሁለተኛው ዓመት ባልቲክ ባሕር ዳር ወዳለችው ግዳንስክ ተዛወርኩ። አብራኝ የምትማር የግዲኒያ ልጅ ነበረች። ባሕር አይቼ እንደማላውቅ ስትሰማ ደነገጠችና በመጀመሪያው እሑድ በከተማው ባቡር ይዛኝ ሄደች። ባሕሩን አይቼ ሳልጠግብ መርከቧን አየኋት።

«ብዊስካቪትሳ» ትባላለች፤ በእኛ አፍ መብረቅ ማለት ነው። ዴስትሮየር ከሚባሉት ፈጣን የጦር መርከቦች አንዷ ናት። እንግሊዝ አገር ካውስ በምትባል ከተማ፣ በጄ. ሳሙኤል ዋይት የመርከብ መሥሪያ ተሠርታ በ1936 ውኃ ላይ የወረደች፣ 114 ሜትር የምትረዝም፣ በ39 ኖት የምትከንፍ! ጓደኛዬ ይህ በየብስ ሲሰላ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ነው ስትለኝ የደብረ ብርሃን አውቶቡሳችን ትዝ አለኝና ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊፈነዳ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ኦገስት 30 ቀን 1939፣ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ወደ ብሪታንያ ወጣች። በ1942 ደግሞ ለጥገና ወደ ተወለደችበት ካውስ ተመልሳ ሳለ ከሜይ 4 ለ5 አጥቢያ ከተማዋ በአውሮፕላን ስትደበደብ መድፏን ወደ ሰማይ አዙራ ስትከላከልላት አደረች። የወለደቻትን ከተማ! ከ1976 ጀምሮ ግን ግዲኒያ ወደብ ላይ ታስራ ሙዚየም ሆናለች። ልጆች ይሯሯጡባታል።

እንግዲህ ወደ ወረቀቱ ልግባ። ፖላንዶች ከ1957 ጀምሮ የሚያሳትሙት «ማዊ ሞዴላሽ»፣ ማለትም «ትንሹ ሞዴል ሠሪ» የሚባል መጽሔት ነበራቸው። የሚነበብ ሳይሆን የሚቆረጥ መጽሔት ነው! በየጋዜጣ ኪዮስኩ ይሸጥ ነበር፤ አንዱ ወር አውሮፕላን፣ አንዱ ወር ታንክ፣ አንዱ ወር መርከብ። የጓደኛዬ ወንድም በልጅነቱ ገዝቶ መሳቢያ ውስጥ የረሳት ብዊስካቪትሳ ነበረች፤ ገጾቿ ጠርዛቸው ቢጫ ብሏል፣ ግን አንድም መቀስ አልነካቸውም።

ዲሴምበር 13 ቀን 1981 አገሩ በወታደራዊ አስተዳደር ሥር ዋለ። ስልኩ ተቋረጠ፣ ትምህርቱ ተዘጋ፣ ሰዓት እላፊ ታወጀ። ሰዓት እላፊ! ለእኛ ትውልድ ይህን ቃል ማን ያስተምረናል? ጓደኛዬ ቤት ለሻይ ሄጄ ወሬው ሲጥም ሰዓቱ ያልፋል፣ ካለፈም ማደር ነው። ሌሊቱ ረጅም፣ በረዶው ከመስኮቱ እኩል፣ ስኳሩ በራሽን። አያቷ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ጠርገው «በሉ እንግዲህ መርከባችሁን አምጡ» አሉን።

እናንተዬ፣ እንዴት ያለ ሥራ ነበር! ወረቀቱ እንደ ጋዜጣ ስስ ስለሆነ መጽሔቱ ራሱ በኮከብ ምልክት «ይህን ካርቶን ላይ ለጥፉ» ይላል። ካርቶን ከየት? ከጫማ ሣጥን፣ ከመድኃኒት ሣጥን፣ ከደብተር ልባስ። ለጥፈን እንዳይጣመም መዝገበ ቃላት እንጭንበታለን፤ ከመዝገበ ቃላቱ በላይ የአያቲቱን የብረት መጥበሻ። ሲነጋ የመርከቧ ጎድኖች ቀጥ ብለው ደርቀው ይገኛሉ። ከዚያ ጀርባ አጥንቷን መሐል አቁመን ጎድኖቿን አንድ በአንድ በስንጥቁ እየሰካን እንሄዳለን። ልክ እንደ በግ ጎድን! አያቲቱም እየሳቁ «መቼ ነው ሥጋ የምትለብሰው?» ይላሉ።

መቁረጫችን የወንዶች ጢም መላጫ ምላጭ፣ ለሁለት ተሰብሮ በፕላስተር የተጠቀለለ። ሙጫችን ለወረቀቱ ኮላ፣ ለጎድኑ ደግሞ ቤቱን ሁሉ በሽታው የሚሞላ የጫማ ማስቲሽ። የመድፉን አፈሙዝ ከመርፌ ላይ እንጠቀልለዋለን፤ መርፌዋን ስንመዛት ቀጥ ያለች ቧንቧ ትቀራለች፣ እኛም እልል እንላለን። ምሰሶው ስቴኪኒ፤ የመርከቧ አጥር ከስፒል ቁራጭና ከስፌት ክር፤ የመልህቁ ሰንሰለት ከተበጠሰ ሐብል። የተቆረጠው ወረቀት ጠርዙ ነጭ ሆኖ ስለሚታይ በውኃ ቀለም ግራጫ እናደርገዋለን፤ በየሌሊቱ የምንበጠብጠው ግራጫ ግን አንድ ሆኖ አያውቅም፣ አንዱ እንደ ደመና፣ አንዱ እንደ አመድ። ቁራጯ ከጤፍ ስታንስስ? የእናቴ ወረንጦ አለች! መሰላሉን፣ የማዳኛ ጀልባዋን፣ የመብራቷን ክብ ሁሉ ያነሳችው እሷ ናት። ከላይ ከምሰሶ ወደ ምሰሶ የተወጠረው የሬዲዮ ሽቦ ግን አስቸገረን። ክሩ ወፍራም ሆነ። ጓደኛዬ ዝም ብላ ከወርቃማ ፀጉሯ አንዲት ዘለላ ነቀለችና በጥቁር ቀለም ነክራ ወጠረችው። ልክ ገባ! የእኔ ሹሩባ ስለነበር ተረፈ።

ከገና እስከ ፋሲካ ሠራናት። በፋሲካቸው ዕለት፣ በቀለም ካጌጡት እንቁላሎች መካከል፣ መብረቅ ጠረጴዛው ላይ ቆማ ዋለች።

ወደ ዛሬ ልምጣ። ባለፈው ዓመት ልጄ ብዊስካቪትሳን በመንገደኛ እጅ ከዚያው ከፖላንድ ላከችልኝ፤ በ1 ለ 200 ልኬት፣ 57 ሳንቲ ሜትር፣ ክንድ ከአራት ጣት ማለት ነው። ከፖስታው ሳወጣት እንደ ሕፃን ዘለልኩ! ያኔ ስሱን ወረቀት ካርቶን ላይ እንለጥፍ ነበር፤ ዛሬ ወረቀቱ ራሱ ወፍራም ነው፣ ጎድኖቿም በሌዘር ተቆርጠው መጥተዋል፣ ጫን ሲሏቸው ፈልቀቅ። ያኔ አጥሯን ክር በክር እንሰራ ነበር፤ ዛሬ በሌዘር የተቆረጠ፣ ከጥልፍ የቀጠነ አጥር። ያኔ አፈሙዙን ከመርፌ እንጠቀልል ነበር፤ ዛሬ ከብረት ተሞርዶ ይሸጣል። ያኔ ማስቲሽ እስኪይዝ ትንፋሻችንን ይዘን እንጠብቅ ነበር፤ ዛሬ በሱፐር ግሉ አንድ ሁለት ሳይሉ ያዘ! ያኔ አንዲት ቁራጭ ከተበላሸች በእጃችን ስለን እንተካ ነበር፤ የአሥራ አንድ ዓመቱ የልጅ ልጄ ግን ገና መቀስ ሳናነሳ ገጹን ሁሉ በስልኩ አነሳና «እማማ፣ ብትበላሽ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄደን እናሳትማታለን» አለኝ። እንዴት ያለ ብልህነት ነው!

ቁራጮቿ ከሺህ በላይ ናቸው። እኔ መነጽሬን ሳስተካክል እሱ በስልኩ አጉልቶ «ይቺ 47ሐ ናት» ይላል። ያኔ የማይገባንን ሥዕል ጥያቄ አድርገን እናድር ነበር፤ ዛሬ አንዱ ባሕር ማዶ ያለ ሰው እዚያችው ቁራጭ ላይ ደርሶ በቪዲዮ እያሳየን ነው። በአያቲቱ መጥበሻ ፋንታ ደግሞ የእኔ የእንጀራ ምጣድ ክዳን። ሽንኩርት ስከትፍ የልጅ ልጄ እጄን ቶሎ ታጥቤ እንድመለስ ይጣራል።

አንድ ቀን «እማማ፣ የያኔዋ ትበልጣለች ወይስ የአሁኗ?» አለኝ። የመርከቧን ታሪክ ነገርኩት። ስትሠራ ሰባት ባለ 120 ሚሊ ሜትር መድፍ ነበራት፤ በ1941 አውሮፕላን ለመምታት እንዲመቿት ተነሥተው በስምንት ባለ 102 ሚሊ ሜትር ተተኩ። ቀለሟ ተቀየረ፣ ባሕሯ ተቀየረ፣ በመጨረሻም ከተኳሽነት ወደ አስጎብኚነት ተዛወረች። ስሟ ግን ያው መብረቅ ነው። «ስለዚህ የትኛዋን እንሥራ?» ሲለኝ «ሁለቱንም!» አልኩት። እሱም ወዲያው ለሚቀጥለው ክረምት ቀጠሮ ያዘ።

ባለፈው ቅዳሜ ለማለቅ የሬዲዮ ሽቦው ብቻ ቀረን። ለዚሁ ተብሎ የሚሸጥ የላስቲክ ክር አለ፤ ከፖስታው ጋር አልመጣም። የልጅ ልጄ የስፌት ሣጥኔን በርብሮ ክሩን ሁሉ አወጣ፤ ሁሉም ወፍራም ሆነ። ነጠላዬን ገለጥ አደረግሁና ከግንባሬ በላይ አንዲት ፀጉር ነቀልኩ። ዓይኑ ፈጠጠ! በወረንጦዋ ይዤ አንዱን ጫፍ በኮላ ነካ አደረግሁ፣ ወደ ኋለኛው ምሰሶ ወጠርኩ፣ ጥቅልሉ ተፈትቶ ቀጥ አለ። እሱ ብሩሹንና ቀለሙን ይዞ ሲጠብቅ ጎንበስ ብሎ አያትና ብሩሹን መልሶ አስቀመጠው።

«እማማ፣ ይሄኮ ቀለም አያስፈልገውም፤ ልክ የመርከቧ ግራጫ ነው!»