የቀትር ሕመም

ቆላ የሚፈትነው ሰውን ብቻ አይደለም፤ ብረትንም ይፈትናል። ከመተማ ዮሐንስ ወደ ገንዳ ውኃ የሚወስደውን ጎዳና በሚያዝያ ቀትር የተጓዘ ሰው ይህን ያውቃል። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ደጋ ላይ ተደብቆ የኖረ ሕመም ሁሉ ይገለጣል።

አባታችን በ2010 ዓ.ም. ሲያርፍ ከተወልን ነገር አንዷ ባለ ሁለት በሯ አሮጌ ፊያት 124 ስፖርት ነበረች። የሞተሯ ነዳፊ አውሬልዮ ላምፕሬዲ ነው፤ ቀደም ሲል ለፌራሪ ይነድፍ የነበረው። ይህ ሁሉ ክብር ግን ቀትር ላይ መንገድ መካከል ቀጥ ከማለት አላዳናትም። ወንድሞቼ “ለብረት ገዢ በኪሎ እንሽጣት” አሉ። የአባቴ መዳፍ ያለሰለሰው መሪ በሚዛን ላይ ሲወጣ ታየኝና የአንድ ሳምንት ጊዜ ለመንኋቸው።

ሦስት መካኒኮች በማለዳ አይተው “ጤነኛ ናት” ብለው መለሱኝ። አራተኛው ሽማግሌ ነበሩ። “ልጄ፣ በሽተኛ የሚታየው ሲያመው ነው፤ 8 ሰዓት ላይ አምጣት” አሉኝ።

ምርመራቸው ሥርዓት ነበረው። መጀመሪያ ነዳጁ፦ ቤንዚን በቱቦው ውስጥ ፈልቶ ተን ከሆነ ፖምፓው ሊገፋው አይችልምና እርጥብ ጨርቅ ጠመጠሙበት። ለውጥ የለም። ቀጥሎ እሳቱ፦ አንዱን ካንዴላ ፈትተው ከሞተሩ ብረት ጋር አነካኩትና እኔ ሞተሪኖውን አዞርሁ። ሰማያዊ ሆኖ ሊፈነጠቅ የሚገባው ብልጭታ ቀልቶና ደክሞ ታየ። ፑንቲናውን በብርጭቆ ወረቀት አጸዱ፤ ያው ነው። የማሳውን ገመድ ፍቀው አጠበቁ፤ ያው ነው። በመጨረሻ እርጥቡን ጨርቅ አንሥተው ቦቢናው ላይ ጣሉት። ጥቂት ቆይተን ቁልፉን ባዞርሁ ጊዜ ሞተሩ ተነሣ!

በቦቢናው ሆድ እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ በሺህ ዙር ተጠቅልሏል። መሸፈኛው ሲያረጅ፣ በጋለ ሰዓት ኤሌክትሪኩ ከዙር ወደ ዙር ያፈስሳል፤ ሲቀዘቅዝ ቁስሉ ይገጥማል። ማለዳ ሁልጊዜ ጤነኛ የነበረችው ለዚህ ነው።

የፊያት ቦቢና አልተገኘም፤ የላዳ ግን አዲስ አበባ ሞልቷል። እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ሶቭየቶች ላዳን የሠሩት የፊያት 124ን ንድፍ በፈቃድ ወስደው ነውና የልጅቱ ዕቃ ለእናቲቱ ሆነ።

ግጥም ስለምሞካክር ጆሮዬ ከቃላቱ ጋር ቀርቷል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን የያዘው ወራሪ ሄደ፤ ቃሉ በየጋራዡ ቀረ። ካንዴላ በጣልያንኛ ሻማም ነው። ማሳ ለመካኒኩ ኤሌክትሪክ ወደ ባትሪው የሚመለስበት የመኪናው ብረት ነው፤ ለመተማ ገበሬ ግን ሰሊጥ የሚዘራበት መሬት። ሽማግሌው “ማሳው ላልቷል” ባሉ ቁጥር የአባቴ እርሻ ይታየኝ ነበር።

በዚያ ሰሞን ለቅሶ ደራሽ ሲጠይቀን ሁላችንም “ደኅና ነን” እንል ነበር። ማለዳ ላይ እውነት ነበር።

ለአርባው ተዝካር ቀን፣ ልክ በ8 ሰዓት፣ ታላቅ ወንድሜ ቁልፉን ከእጄ ተቀብሎ ወደ ገንዳ ውኃ ነዳት። መሪውን በሁለት እጁ ይዞ፣ በዚያ ሙቀት መስኮቱን እንኳ ሳይከፍት፣ እስክንደርስ አለቀሰ። ስለ ኪሎ ዋጋ ዳግመኛ ያነሣ የለም።