ኢኤስፒ32 ቦርድ ለቤት ይበቃል?

ዋጋው ቀላል ስለሆነ ብቻ ኢኤስፒ32ን ማቃለል አይገባም። የሻንጋዩ ኤስፕሬሲፍ ኩባንያ በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው ይህ ቺፕ ዋይፋይና ብሉቱዝ አጣምሮ ይዟል፤ ፍጥነቱም እስከ 240 ሜጋኸርዝ ይደርሳል። መብራት ለማብራትና ለማጥፋት ወይም በሮቶ ውስጥ ያለውን ውኃ ለመለካት ከበቂ በላይ ነው።

ቦርድ ግን በፍጥነቱ ብቻ አይመዘንም።

ዋይፋዩ የሚሠራው በ2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ስለሆነ በ5 ጊጋኸርዝ ብቻ የሚያሰራጭ ራውተርን አያገኝም። ፒኖቹ የሚችሉት 3.3 ቮልት ነው፤ 5 ቮልት የሚልክ ሴንሰር በቀጥታ ቢሰካባቸው ቺፑ ሊቃጠል ይችላል። ከ34 እስከ 39 ያሉት ፒኖች ደግሞ ምልክት ይቀበላሉ እንጂ አይልኩም፤ የአምፖል ማብሪያ ሪሌይ እዚያ ላይ የሰካ ሰው ኮዱን ደጋግሞ ቢያርም አምፖሉ አይበራለትም።

ቦርዱን በባትሪ ለሚያሠራ ሰው ሌላ ጣጣ አለ። ቺፑ በጥልቅ እንቅልፍ ላይ ሲሆን የሚወስደው ኤሌክትሪክ በማይክሮአምፔር የሚቆጠር ነው፤ ብዙ ቦርዶች ላይ ያለችው አመልካች መብራት ግን ሌሊቱን ሙሉ ባትሪ ትበላለች።

ትልቁ ጥቅሙ ነፃነቱ ነው፦ ኢኤስፒሆም የተባለው ሶፍትዌር ተጭኖበት ሆም አሲስታንት ከተባለው የቤት መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ጋር ከተገናኘ፣ ኢንተርኔት ቢቋረጥም በቤቱ ራውተር ብቻ ሥራውን ይቀጥላል።