ጩኸቴን ስመርጥ
ሁለት ክረምት አስጠንቼ ባጠራቀምኳት ገንዘብ ዲስቶርሽን ፔዳል ልገዛ ሄድኩ። ሻጩ ሁለት አቀረበልኝ፤ ወፍራሙን ድምፅ ቀንሶ ምቱን የሚያጠራውን ቱብ ስክሪመርና ቦስ ኤችኤም-2ን። ምን ልበላችሁ፣ ሁለተኛውን አፈፍ አደረግኩ! ኤንቱምድ የተባለው የስዊድን ባንድ በ1990 እ.ኤ.አ. ባወጣው የመጀመሪያ አልበሙ የዚህን ፔዳል አራት ቁልፎች እስከ መጨረሻው አዙሮ ነበርና እኔም አዞርኩ። ብቻዬን ስመታ ክፍሉ ተንቀጠቀጠ። ከባንዱ ጋር ስገባ ግን ቤዝ ጊታሩ ተዋጠ፣ ምቱ ጠፋ። ድራመሩ፣ «አንተን አይደለም የምሰማው፣ ጩኸትህን ነው» አለኝ። ነደደኝ። ማታ ዲስቶርሽኑን ከግማሽ በታች አወረድኩና የቀኝ መዳፌን ክሮቹ መነሻ ላይ አሳረፍኩ። እያንዳንዱ ምት ተለይቶ ወጣ፤ ስህተቴም አብሮ። ለካስ ፔዳሉን የመረጥኩት እጄን እንዲደብቅልኝ ኖሯል!