የላስታ ተማሪዎች በገና ሰሞን

ከጋሸና ወደ ላሊበላ የሚገነጠለው መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በገና ሰሞን መኪና ለእግረኛ ይለቃል። ከጎጃም፣ ከጎንደር የተነሣው ምእመን ስንቁን በትከሻው አንግቶ ዳር ዳሩን ይጓዛል፤ የሚኒባሳችን ሹፌር ጡሩምባ መንፋት እንኳ ያሳፍረው ነበር። በየአውድማው ልጆች ከአባቶቻቸው ጋር በሬ እየነዱ ገብስ ያበራያሉ። ቀኑ የትምህርት ቀን ነው። ረዳቱ ሳልጠይቀው፣ «ታኅሣሥ ላይ ተማሪ ክፍል ውስጥ አትፈልግ፤ ግማሹ አውድማ ላይ ነው፣ ግማሹ እግር ሊያጥብ ወርዷል» አለኝ።

የመጣሁትም ለእነዚህ ልጆች ነው። ስለ ላሊበላ ገና ሲጻፍ ካህናቱና ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ገጹን ይሞሉታል። በዓሉን በጉልበታቸው የሚሸከሙት የስምንተኛና የአሥረኛ ክፍል ልጆች ፎቶው ጠርዝ ላይ ጀሪካን ይዘው ይቀራሉ።

ሳፋው ዘንድ

ከተማዋ መግቢያ ላይ ወጣቶች ድንኳን ተክለዋል። በአንድ በኩል ንፍሮና እንጀራ፣ በሌላው በርሜል ሙሉ ውሃ እሳት ላይ ተጥዷል። የእንግዳን እግር ማጠብ የላሊበላ ሰው ከአያት ከቅድመ አያቱ የወረሰው ወግ ነው፤ ዛሬ ግን ጎንበስ የሚለው በአብዛኛው ተማሪው ነው። ውሃውም በዋዛ አይገኝም። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር 20 ሊትር ጀሪካን ተሸክሞ ዳገት መውጣት ማለት ነው።

አንዲት አሮጊት ኮንጎ ጫማቸውን አላወልቅ ብለው ሲግደረደሩ አየሁ። ተረከዛቸው ተሰነጣጥቆ ንቃቃቱ ውስጥ የመንገዱ አቧራ እንደ ጭቃ ደርቋል። «ተው ልጄ፣ ይሸታል» ይላሉ። ልጁ፣ «እማማ፣ ይልቅ ውሃው ሳይቀዘቅዝ» ብሎ እግራቸውን አንሥቶ ሳፋው ውስጥ አስገባው። በአውራ ጣቱ ንቃቃቱን ተከትሎ ቀስ እያለ አሸ፤ ሲያደርገው የቆየ ሰው እጅ ነው። ሲጨርስ እግራቸውን ሳመ። እሳቸውም ራሱን ዳብሰው፣ «ቀለም ይግለጥልህ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃህ» አሉት። የጃኬቱ ኪስ ውስጥ ሁለት ላይ የታጠፈ የባዮሎጂ ደብተር ነበር። የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ጥር ላይ ነው።

«ስንተኛ ወጣህ?» አልኩት፤ የኛ አገር ሰው ተማሪ ሲያይ ሌላ ጥያቄ አይመጣለትም። «አምና አራተኛ» አለና ቀጣዩን እግር ሳበ።

ቤት ተከራዮቹ

ላሊበላ ሁለተኛ ደረጃ ከሚማሩት ብዙዎቹ የከተማ ልጆች አይደሉም። ከላስታና ከቡግና ቀበሌዎች መጥተው ሁለትና ሦስት ሆነው ክፍል ይከራያሉ። ስንቃቸው ቅዳሜ፣ በገበያ ቀን ይመጣል፤ አባት እህሉን ሸጦ ሲመለስ እንጀራውን፣ ሽሮውንና ድርቆሹን ልጁ ደጃፍ አራግፎ ይሄዳል። ሐሙስና ዓርብ የሻገተውን እየለዩ መብላት ነው። እንዲህ የሚማሩ ልጆች ከክፍላቸው አንደኛና ሁለተኛ ሲወጡ ሰው ይደነቃል። እኔ ይበልጥ የገረመኝ ገና ሲመጣ የኪራይ ክፍሏ የምትሆነው ነገር ነው።

የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጅ ቤት ገባሁ። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ የኬሚስትሪ ሠንጠረዥ በእስክርቢቶ ተስሎ ተለጥፎበታል። ሁለት ልጆች የሚተኙበት ፍራሽ አለ፤ ቡታጋዝ አለ። ያን ዕለት አክስቷ፣ የአክስቷ ጎረቤቶች፣ ከሩቅ ቀበሌ ዘመድ ነን ብለው የመጡ ሽማግሌና ልጆቻቸው ሰፍረውባታል፤ እግር ማሳረፊያ የለም። ወጥ የሚሠራው ደጅ ነው። ተማሪዋና ጓደኛዋ አከራያቸው ማድ ቤት፣ ከምጣዱ አጠገብ ይተኛሉ። የምታነበው በስልክ መብራት ነው።

«ፈተናውስ?» አልኳት። ጓያ እየለቀመች ነበር፤ ቀና አላለችም። «አክስቴን መንገድ ላይ አሳድሬ ኬሚስትሪ ላጥና?» አለች። ሽማግሌው ከጥግ ሆነው፣ «እቴ ሰቃይ ነች፤ ሁለተኛ ናት» ብለው ጣልቃ ገቡ። ሁለተኛ መውጣቷን የቀበሌው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ክፍሏም የቀበሌው ማረፊያ ነው። አንዱ ክብር ሌላውን ዕዳ ይዞ መምጣቱን የሚያነሣው የለም። እኔም ባነሣው ቅር የሚላት እሷ ነች።

ቁጥሩ የማይለው

ከአንድ መምህር ጋር ሻይ ጠጣን። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2014 ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ሲዛወር በአገር ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ፤ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ። መምህሩ እነዚህን ቁጥሮች እንደ ዳዊት ነው የሚደግማቸው። በላስታ በኩል ግን ከቁጥሩ በስተጀርባ ያለው ጊዜ ይከብዳል። በ2013 ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ከተማዋን ያዛት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ 2014 እጅ ለእጅ ተለዋወጠች። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሥቶ እጅግ ብዙ ሕፃናት ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ከዚያ በፊት ኮሮና ቱሪስቱን ወስዶት ነበር። ከትምህርት በኋላ እንግዳ አጅቦ የደብተርና የዩኒፎርም ዋጋውን የሚያገኝ ልጅ ገቢው ደረቀ። (ያኔም ሁሉም ንጹሕ አልነበረም፤ ቱሪስቱን መዝገበ ቃላት አስገዝቶ መልሶ ለባለሱቁ የሚሸጥ ልጅ ታሪክ እዚህ ሁሉም ያውቀዋል፣ እየሳቀም ያወራዋል።)

መምህሩ ሐሳብ አለው። የገናው አገልግሎት በክበባት በኩል ይመዝገብ፤ ስንት ቀን እንዳገለገሉ ተጽፎ በወላጆች ቀን ደብተርና የምስክር ወረቀት ይሰጣቸው ይላል። «ሌላ አገር እኮ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ይጠየቃሉ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ብዙ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የበጎ ፈቃድ ሰዓት ይቆጥራሉ፣ በፈረንጆች ገና ሰሞንም ተማሪዎች ምግብና መጫወቻ ይሰበስባሉ። ለእኔ ግን ሐሳቡ ሙሉ በሙሉ አልተዋጠልኝም። ሳፋው ዘንድ መዝገብ ያዥ ሲቆም ታየኝ። ግን ደግሞ ያቺ የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ በዚያ ሳምንት ያጣችውን የጥናት ሰዓት ማንም ካልመዘገበው፣ ካርዱ ላይ ዝቅ ያለው ውጤት ብቻ ነው የሚተርፈው። መምህሩ ካርድ ሞልቶ ያውቃል፤ እኔ አላውቅም።

ተማሪና ላስታን የያዘው ወሎ እንዲህ ሲገናኙ የመጀመሪያው አይደለም። በ1965ቱ ረሃብ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቁርሳቸውን ትተው ገንዘቡ ለወሎ ተጎጂዎች እንዲሄድ አድርገዋል። በታኅሣሥ 1967 ደግሞ የእድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 ገደማ ተማሪና መምህር ወደ ገጠር አወጣ። አንድ የላስታ ሽማግሌ ስማቸውን መጻፍ የተማሩት ከአንድ የአዲስ አበባ ዘማች ልጅ እንደሆነ ነገሩኝ። «ማረሻ መጨበጥ ግን እኛ አስተማርነው» አሉ፤ ዕዳው የተከፈለ ያህል።

ታኅሣሥ 29

በላሊበላ ይህ ቀን የጌታም የንጉሡም ልደት ነው። ጎሕ ሲቀድ ካህናቱ ማሜ ጋራ ላይ ተደርድረው፣ ሌሎቹ ከታች በቤተ ማርያም ግቢ ሆነው የቤዛ ኩሉን ዝማሬ እየተቀባበሉ አሸበሸቡ። ይህን ብዙ ሰው ጽፎታል፤ አልደግመውም። እኔ ስመለከት የነበረው ጠርዙን ነው። ቤተ ጊዮርጊስን የከበበው ጉድጓድ 12 ሜትር ያህል ይጠልቃል፤ አጥር የለውም፤ ሕዝቡ ደግሞ ከኋላ ይገፋል። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ጀርባቸውን ለገደሉ ፊታቸውን ለሕዝቡ ሰጥተው ቆመዋል። ትንሿ አሥራ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። ሰው ሲገፋ ክንዷ ይለጠጣል፤ አትለቅም። «አባቶች ወደ ኋላ፣ እናቶች ወደ ኋላ» እያለች ድምፅዋ ሰልሏል። ቀይ መስቀል የተሣለበት ሰደርያ የለበሱ ሁለት ወንዶች ራሷን የሳተች ሴት በቃሬዛ ይዘው አለፉ፤ ሰልፉ ተከፍቶ ወዲያው ተዘጋ። የአብነት ተማሪዎችም አሉ፣ ደበሎ የለበሱ፤ እነሱ ሌላውን ቀን ቁራሽ ለምነው የሚያድሩ ናቸው፤ ዛሬ ግን ለእንግዳ ጸበል ይቀዳሉ።

መናኸሪያ

በማግስቱ ከተማው ወደ ውጭ ይፈስሳል። የመኪና ዋጋ ከታሪፉ በላይ ሽቅብ ወጥቷል። የባዮሎጂ ደብተሩን ልጅ እዚያ አገኘሁት። ዕቃ ተሸክሞ ሁለት እናቶችን አድርሷል፤ አሁን ከአንድ ረዳት ጋር ይከራከራል። «እናቴን በዚህ ዋጋ ልታስከፍላት ነው? ታሪፉ እኮ ተለጥፏል!» እናቱ አይደሉም፤ ከበዓሉ በፊት እግራቸውን ያጠባቸው ናቸው። ረዳቱ አጉረመረመ፣ ሹፌሩን አየ፣ በታሪፉ ተስማማ። ልጁ አሮጊቷን ጋቢና ካላስቀመጥክ ብሎ ሌላ ክርክር ጀመረ፤ እዚህ ላይ ተሸነፈ፤ ከኋላ መስኮት ዳር ተቀመጡ።

ሰዓቱን ጠየቀኝ። አራት ሰዓት ሊሆን ነው ስለው፣ «ፊዚክስ ማካካሻ አለን» ብሎ በአቋራጩ፣ በድንጋይ ቤቶቹ መሐል ወደ ላይ ሮጠ።