የጨርቅ ኳስና የልጆች እግር

ስለ እግር ኳስ በተነሣ ቁጥር ወሬው ወዲያው ወደ 1954 ዓ.ም. ይመለሳል። በይድነቃቸው ተሰማ አሠልጣኝነት፥ በሉቺያኖ ቫሳሎ አምበልነት የተሰለፈው ቡድናችን አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ መውሰዱ ይተረካል። ትረካው ያኮራናል። ይሁን እንጂ እኛ ዛሬ ልናነሣ የወደድነው ለዋንጫ ከቶ ስለማይሰለፉት ልጆች ነው።

በመካነ ብርሃን፥ በደባርቅና በዳባት ዙሪያ ያደግን ሰዎች የስፖርት ክፍለ ጊዜን እናውቀዋለን። አንድ ኳስ ይወጣል፤ ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል፤ ጨዋታው ይጀመራል። ስድስት ሰባት ጉልበተኞች ኳሱን ሲያሳድዱ ትንንሾቹ ከኋላ ይሮጣሉ፤ ሴቶቹ ልጆች ዳር ቆመው ያያሉ። ደወል ሲደወል ብዙዎቹ ኳሱን አንዴ እንኳ ሳይነኩ ወደ ክፍል ይመለሳሉ። ይህ ጨዋታ ይባል እንደሆነ እንጂ ትምህርት አይባልም።

አንዳንድ ወዳጆቻችን፥ «የሰሜን ልጅ በገደል አፋፍ ከብት ሲጠብቅ የሚውል ነው፤ ለእግሩ ምን ትምህርት ያሻዋል?» ይሉናል። በእርግጥ እግሩ ጠንካራ ነው። ነገር ግን ድንጋይ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ ኳስ አይጠብቅም። ኳስ ሲመጣ ዓይን ፍጥነቱንና አቅጣጫውን አይቶ፥ አእምሮ የሚደርስበትን ስፍራና ጊዜ ገምቶ፥ እግር ቀድሞ እዚያ መገኘት አለበት። በገና ጨዋታ ሩሯን በዱላ የሚመታ እረኛ ዓይኑና እጁ የተስማሙት በመደጋገም ነው። የዓይንና የእግር ስምምነትም በሌላ መንገድ አይገኝም፤ ኳሱን ያልነካ ልጅ ደግሞ የሚደጋግመው ነገር የለውም። ለዚህም የአንደኛ ደረጃ የመጀመሪያ ዓመታት እጅግ የተመቹ ናቸው።

«ለሁሉ የሚዳረስ ኳስ ከየት ይመጣል?» ለሚለው መልሱ በእጃችን ነው፤ አሮጌ ካልሲ፥ ቁራጭ ጨርቅና ሲባጎ ይበቃል። የጨርቅ ኳስ የድህነት ምልክት ብቻ ተደርጎ ሲታይ እንሰማለን። በተራራ አገር ግን ለጀማሪ ከተነፋው ኳስ ይሻላል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ የተነፋ ኳስ ሲመታ ከቆላው ይልቅ ርቆ ይሄዳል። ሜዳውም ተዳፋት ስለሆነ አንዴ ካመለጠ ገደል ይገባል። የጨርቅ ኳስ ግን እምብዛም አይነጥርም፥ ርቆም አይንከባለል፤ ስለዚህ የትንሽ ልጅ ዓይን ሊከተለው ይችላል።

ሥራውም ቀላል ነው። በመጀመሪያ ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው በአምስት እርምጃ ርቀት ይቆማሉ፤ አንዱ በእግሩ የውስጥ ጎን ይገፋል፥ ሌላው ከላይ ረግጦ ያቆማል፤ ቀኝና ግራ እግር ይፈራረቃሉ። ቀጥሎ ድንጋይ ተደርድሮ ኳሱን በመካከሉ እየገፉ ያልፋሉ። በመጨረሻም አንዱ ኳስ ሲገፋ ጓደኛው ከፊት ሆኖ ጣቶቹን ያነሣል፤ ገፊው ስንት እንደሆኑ ይናገራል። ጀማሪ እግሩን ብቻ ያያል፤ እግሩ ሲለምድ ግን ዓይኑ ነፃ ወጥቶ ቀና ይላል።

ከሁሉ ይልቅ የምናስበው ዳር ቆማ የምትቀረውን ልጅ ነው። እግሯ አልችል ብሎ አይደለም፤ ተራ አልደረሳትም። ተራ ያልደረሰው ልጅ ግን ውሎ አድሮ «አልችልም» ብሎ ያምናል፤ ይህንንም እምነት ከሜዳው አልፎ ወደ ክፍሉ፥ ከክፍሉም ወደ ኑሮው ይዞት ይሄዳል።

እንግዲህ ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ ጨርቅና ሲባጎ ይዘን እንሂድ። ሃምሳ ልጆች ላሉበት ክፍል ሃያ አምስት ኳስ ይበቃል፤ ልጆቹ ራሳቸው ከረዱን ደግሞ ከአንድ ከሰዓት በኋላ በላይ አይፈጅም። ኳስ ይላክልን የሚል ማመልከቻ ጽፈን መልስ ከምንጠብቅ፥ መስፋት እንጀምር።